አራት አቅጣጫ፤ በመሐል አዲስ አበባ የእግር ጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ፒያሳ

«ሀገራችን መስቀለኛ መንገድ ላይ ትገኛለች» ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት። ሬዲዮው ይለዋል፣ ስብሰባው ይለዋል፣ ልቅሶ ቤት የተቀመጠውም ይለዋል። ሥራ የለቀቀ፣ ትዳር ያሰበ፣ ቪዛ የመጣለት ሁሉ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። በዚህ ሳምንት ከደብረ ብርሃን የመጣሁት የእውነቱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ልቆም ብዬ ነው። ጡሩምባ የሚጮኽበት፣ ረዳት የሚጣራበት፣ ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ የሚተላለፍበት ላይ። መሐል ከተማውን በእግሬ ላዳርስ አሰብኩ። የእህቴ ልጅ አብራኝ ናት። ዘንድሮ ሲቪል ምሕንድስና ጨርሳለች፤ መንገድ አይታ አትጠግብም።

መነሻችን ፒያሳ ሆነ። ከሌላ ቦታ መጀመር አልፈለግሁም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ገና ሲታቀድ «ዓድዋ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር» ነበር የሚባለው። የሀገሪቱ መንገድ ርቀቱ የሚቆጠረው ከዚህ ነው ለማለት ነው። የካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጊዮርጊስ ጋ፣ ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ ናቸው። ፈረሱ ሁለት የፊት እግሮቹን አንሥቷል። ሐውልቱ የቆመው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በዘውድ በዓሉ ዋዜማ ነው። ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ነቅሎ ሰወረው። ከነጻነት በኋላ ቦታው ተመለሰ።

ፒያሳ ተቀይሯል። ዶሮ ማነቂያ የለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ አምሯል፣ ማታ ማታ መብራቱ ደስ ይላል። ግን ሰው ቆም ብሎ «እዚህ ጋ እኮ እገሌ ነበር» ሲል ደጋግሜ ሰማሁ። የፒያሳ ልጅ ቀጠሮው ማሕሙድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ነበር። ካሴት የማይገዛውም እዚያ ነው የሚቆመው። መንገድ ከመንገድ የሚገጥምበትን ቦታ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ለመገናኘት ነው። መምረጡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ይህን ሐሳብ ሳምንቱን ሙሉ ይዤው ዞርኩ።

ጊዮርጊስ አጠገብ ጫማዬን ሳስጠርግ አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሐኪም ወረቀት በፌስታል ይዘው። «ልጄ፣ ራስ ደስታ ሆስፒታል ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» አሉት ሊስትሮውን። የአዲስ አበባ ሰው ሰሜንና ደቡብ አይልም። እንጦጦ ወደ ላይ ነው፣ ለገሃር ወደ ታች ነው፤ አለቀ። ልጁ ብሩሹን እንደያዘ ተነሣ። አንዱ ጫማዬ ተቀብቶ ሌላው አቧራውን እንደለበሰ ነው። እናትየውን እስከ ታክሲው ሸኛቸው፣ በር ከፍቶ አስገባቸው፣ ረዳቱን «ራስ ደስታ ጋ አውርዳቸው፣ እንዳትረሳ» አለው። ተመልሶ ምንም እንዳልተፈጠረ ብሩሹን ቀጠለ።

ማክሰኞ፣ አቡነ ጴጥሮስ

ዛሬ ብዙ አልሄድንም። አቡነ ጴጥሮስ አደባባይ ላይ ቆየን።

ታሪኩን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ቦታው ላይ ቆሞ ማሰብ ግን ሌላ ነው። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ከሸፈ። አቡኑ ተያዙ። የቀረበላቸው ምርጫ ግልጽ ነበር። ለጣልያን መገዛትን ይስበኩ፣ አርበኞቹን ያውግዙ፣ ነፍስዎን ያትርፉ። እምቢ አሉ። ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ ገዘቱ፤ ምድሪቱንም ጭምር ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

ጣልያን በአደባባይ የገደላቸው ሰው አይቶ እንዲፈራ ነው። አደባባይ ግን ያየውን አፍኖ አይቀመጥም። በየመንገዱ ይዞት ይበተናል። ገበያ የመጣው ገበያ ላይ ያወራዋል፣ ወደ ገጠር የሚመለሰው ገጠር ያደርሰዋል። ግዝቱም እንዲህ ነው ሀገር ያዳረሰው።

ሐውልታቸው ራሱ አንድ ጊዜ መንገድ ለቅቋል። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ዋሻ ሲባል ተነሣ። ያን ጊዜ የነበረውን ጭንቀት የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። «በዚያው ቢቀርስ?» ያላለ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። ዋሻው አሁን ከአደባባዩ ሥር ነው። የእህቴ ልጅ ዋሻው እንዴት እንደተሠራ እያስረዳችኝ፣ እኔ ከላይ ያሉትን እያየሁ ቆየን። ሀገር መንገድ ያስፈልጋታል። ግን የምታነሣውን መልሳ የት እንደምታቆም ካላወቀች መንገዱ የማን ነው?

ከዚያ በቸርችል ወደ ታች ወረድን። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን አምሳያ ጉብኝት መጥተው የከበቡ ተማሪዎች ነበሩ። ፀሐዩ ስለበረታ አለፍናቸው።

ረቡዕ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ

የሳምንቱ ትልቁ ቀን ይህ ነው።

ጠዋት ስድስት ኪሎ ደረስን። የሰማዕታት ሐውልቱ ከአደባባዩ መሐል ቆሟል፤ መኪናው ይዞረዋል። ዳር ላይ ጀበና ቡና ይዘን ተቀመጥን። የእህቴ ልጅ መኪኖቹን ስታይ ቆይታ እስኪርቢቶ አወጣች።

«ጋሼ፣ አራት መንገዶች ሲቆራረጡ መኪና ከመኪና የሚጋጭባቸው ነጥቦች ስንት ይመስሉሃል?»

«አራት?»

«32!» ሶፍት ላይ ሣለችልኝ። መስመሮቹ ተጠላልፈው የሸረሪት ድር መሰሉ። «እዚያው ቦታ ላይ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ሥራበት። ወደ 8 ይወርዳል።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ማንም ማንንም አያቋርጥማ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል፣ መውጫው ሲደርስ ይወጣል።» ሶፍቱን ወደ እኔ ገፋችው። «መስቀለኛ መንገድ ላይ ከባዱ መምረጡ አይደለም እኮ። የምትሄድበትንማ ታውቀዋለህ። ከባዱ ሌላውም የሚሄድበት እንዳለው ማወቁ ነው።»

ይህን የተማረችው ለመኪና ነው። እኔ ግን ለሰው ሰማሁት።

ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ምስሎች ቀርበን አየን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ እዚሁ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ታረደ። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ትላለች። ስለ ሁለቱ ጀግኖች ብዙ ይባላል፤ ይገባቸዋልም። ስለ ሦስተኛው ግን ትንሽ ነው የሚባለው። ስምዖን አደፍርስ ባለ ታክሲ ነበር። መኪናውን ይዞ ጠበቃቸው፣ ከከተማ አወጣቸው። በኋላ ተይዞ በሥቃይ ሞተ። አብርሃ የጣልያን አስተርጓሚ ሆኖ፣ ደመወዙን እየበላ መኖር ይችል ነበር። ስምዖንም ተሳፋሪውን እያመላለሰ መኖር ይችል ነበር። እነዚህ ሰዎች ቦምቡን ከመወርወራቸው በፊት እርስ በርስ ተገናኝተዋል፣ ተማምነዋል። አንዱ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ባይጠብቅ ኖሮ ሌሎቹ የት ይደርሱ ነበር?

ገነተ ልዑል ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው። ሙዚየሙ ፊት ለፊት አንድ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጣልያኖች የሠሩት ነው። እያንዳንዱ ደረጃ የሙሶሎኒ ሥልጣን አንድ ዓመት ነው፤ ሥልጣኑ በጨመረ ቁጥር ደረጃውም ሊጨምር። ወደ የትም አያደርስም። ሰማይ ላይ ያልቃል። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ማፍረስ ይቻል ነበር። ባያፈርሱት ደግ አደረጉ እላለሁ። ልጅ ይዞ መጥቶ በጣት ማሳየት ይቻላል።

ከዚያ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁል ተጓዝን። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ፓርላማ የሄዱበት አቅጣጫ ነው። እነሱም መንታ መንገድ ላይ ነን ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ስንቱ ቤት አልቅሷል። ስለ እነሱ ማውራት ሲጀመር ድምፅ ከፍ ይላል፤ እኔ ግን ያ ትውልድ ሲረገምም ሲወደስም ልቤ ይከፋል። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ለራሳቸው ምንም አልፈለጉም። በኋላ ግን ከሌላ መንገድ የመጣውን ወንድማቸውን ማሳለፍ አቃታቸው፤ እሱም እነሱን።

አራት ኪሎ ላይ ያለው የድል ሐውልት የሚያዝያ 27 ነው። ቀኑ ይገርማል። ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ተመልሰው ገቡ። ልክ አምስት ዓመት። በዚህ አደባባይ ዙሪያ ፓርላማው አለ፣ ሥላሴ አለ፣ የሳይንስ ፋኩልቲው አለ። ለእኔ ዕድሜ ሰው ግን አራት ኪሎ ማለት የሥራ ማስታወቂያ ነው። ቆመው የሚያነቡ፣ ማስታወሻ ደብተር ላይ የሚገለብጡ፣ ጋዜጣ ተከራይተው ገዝተው እንደሚያነቡት ያህል ተጠንቅቀው የሚገልጡ ወጣቶች። ዛሬ ማስታወቂያው ስልክ ውስጥ በቴሌግራም ነው። ወጣቱ ግን ያው አደባባዩ ላይ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ወደ ላይ ይገፋል።

ረቡዕ ስለሆነ በያይነቱ በላን። እየበላን ነገሯን አወጣችው። ሚሌ ላይ የመንገድ ሥራ አግኝታለች፤ ኮንትራት ነው፣ ደመወዙ ደኅና ነው። ዱባይ ያለች ጓደኛዋ ደግሞ «ቪዛውን እኔ ልጨርስልሽ፣ ነይ» ብላታለች። ሥራው ከትምህርቷ ጋር አይገናኝም፤ ብሩ ግን ይበልጣል። ሁለቱም መልስ ይጠብቃሉ።

«እናትሽ ምን አለች?»

ጎመኑን በእንጀራ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። «አልነገርኳትም። ትጨነቃለች።»

አልመከርኳትም። ሃያ ምናምን ዓመት የለፋ ልጅ ራሱ ያውቃል። ግን አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ልጆቻችንን «ምረጡ» ብለን መንገድ ላይ እናቆማቸዋለን። ከዚያ ብቻቸውን ትተናቸው ዳር ሆነን እናያለን። ብቻውን የሚመርጥ ሰው ከሁለት ያጣ የሚሆነው ደግሞ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። የሚጠይቀው ስላጣ ነው።

ሐሙስ፣ ሜክሲኮና ለገሃር

ሜክሲኮ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ብዙም አልቆምንም። ስሙን ግን እወደዋለሁ። ጣልያን ሲወረን ብዙው ዓለም አላየሁም ሲል፣ ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። እዚህ ግን ክቡ አደባባይ ጠፍቷል፣ ባቡሩ ከላይ ያልፋል። ሰው አሁንም «ሜክሲኮ አደባባይ ወራጅ!» ነው የሚለው።

ለገሃር ጣቢያው ፊት ለፊት አንበሳው አለ። ሮም ተወስዶ የነበረው አንበሳ ነው። ዘርዓይ ደረስ ሮም አደባባይ ላይ ያየው፣ አይቶም ያላለፈው። ሌላው ሰው አይቶ ማለፍ ይችል ነበር። ጣቢያው በራሱ ጊዜ የሀገሪቱ በር ነበር። 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እስከ ጅቡቲ። ዛሬ አዲሱ ባቡር የሚነሣው ከፉሪ ለቡ ነው። ከባድ መኪናው ደግሞ በሚሌ ነው የሚያልፈው። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ሞቅ አለች። ሚሌ የጅቡቲው መንገድና ከኮምቦልቻ በባቲ የሚመጣው መንገድ የሚገጥሙበት ከተማ ነው። እናቷ ደግሞ ኮምቦልቻ ናት። «የከባድ መኪናው ጭነት ነው አስፋልቱን የሚበላው» እያለች ስለ አስፋልት ውፍረት ነገረችኝ። ግማሹ አልገባኝም። ፊቷ ግን በራ።

ማታ ወደ ማደሪያችን በመንደር ውስጥ ስናልፍ፣ ቀጫጭን መንገዶች የሚገጥሙበት ቦታ ላይ አንድ ነገር አየን። የተቆላ እህል ተበትኗል፣ እንቁላል ተሰብሯል። አያቴ እንዲህ ያለ ነገር ስታይ እጄን ይዛ ታዞረኝ ነበር። «እንዳትረግጠው!» የታመመ ሰው ሕመሙን መስቀለኛ ላይ ጥሎ ይሄዳል፣ የረገጠው ይዞት ይሄዳል ይባላል። ዶሮውን ራስ ላይ አዙሮ የሚጥልም ነበር። ይህን ልማድ አልወደውም። የተጨነቀ ሰው ያገኘውን እንደሚሞክር ይገባኛል። ግን የራስን ጣጣ ለማያውቁት መንገደኛ መስጠት ግፍ ነው። መንገደኛው ልጅ ሊሆን ይችላል። የፒያሳው ሊስትሮ የእናትየውን ጣጣ ተቀበለ እንጂ የራሱን አልጣለባቸውም።

ዓርብ፣ መስቀል አደባባይ

በጠዋት ደረጃዎቹ ላይ ወጣን። የሚሮጡት ቀድመውናል። ደረጃውን እየወጡ እየወረዱ፣ አሠልጣኙ እየጮኸ። ከታች ሰፊው መንገድ ነው። ወደ ቦሌ የሚሄደው፣ ወደ ሳሪስ የሚወርደው፣ በባምቢስ ወደ ኡራኤል የሚወጣው፣ ወደ ስታዲየም የሚያልፈው። በደርግ ጊዜ አብዮት አደባባይ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል።

መስከረም 16 ቀን ደመራው የሚቆመው እዚህ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ተክሎ የሚጠብቀው መሐሉ ያለው እንጨት ወደ የት እንደሚወድቅ ነው። ወደዚህ ከወደቀ እንዲህ ይሆናል፣ ወደዚያ ከወደቀ እንዲያ ይሆናል ይባላል። እኔ የሚያስደንቀኝ ግን የታሪኩ መነሻ ነው። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ፍለጋ ኢየሩሳሌም ስትደርስ መንገዱን አታውቀውም። ኪራኮስ የሚባል አዛውንት ጠየቀች። እንጨት ደምሪ፣ ዕጣን ጨምሪበት አላት። ጢሱ መራት። ንግሥት ሆና፣ ሠራዊት ይዛ፣ ሽማግሌ ጠየቀች።

ደረጃው ላይ አጠገባችን ከዘራ የያዙ አባት ተቀምጠው ነበር። ወሬ ጀመርን። በወጣትነታቸው ሰይቼንቶ ታክሲ ይነዱ ነበር። «አባባ፣ ድሮ በግራ ነበር የሚነዳው የሚባለው እውነት ነው?» አለቻቸው የእህቴ ልጅ።

«እንዴታ! ሰኔ 1 ቀን 1956። በዚያ ቀን ሀገሩ ሁሉ ወደ ቀኝ ዞረ።»

«አላስቸገረዎትም?»

«አስቸገረ እንጂ። የመጀመሪያ ሰሞን እጄ ወደ ለመደው ይሄድብኝ ነበር።» መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩን። «ግን ልጄ፣ ሁሉም ሰው እንደዚያው ነበር። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይጮኽበታል፣ ደግሞ በእጁ ያሳየዋል። እኔ ብቻዬን ወደ ቀኝ ብዞር ኖሮ በዚያው ቀን አልቄ ነበር።»

ሳቀች። ከዚያ ዝም ብላ መኪኖቹን አየች። መብራቱ ቀይ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ እንደገና ቀይ ሆነ። ስልኳን አወጣችና እናቷ ጋ ደወለች። ሁለቱንም ነገረቻት፤ ዱባይንም ሚሌንም። እህቴ ስታወራ ድምፅዋ ይሰማል፣ እኔም አባባም ሰማን።

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ሰበብ አታድርጊኝ። ልብሽ የት ነው?»

«ሚሌ።»

«ታዲያ ምን ያስለፈልፍሻል? ከባቲ በኋላ ሙቀቱ አይቻልም። ያንን ወፍራም ሹራብሽን እዚያው ተዪው፣ ስስ ስስ ልብስ ግዢ። በኮምቦልቻ ነው የምታልፊው አይደል? ደርቆሽ አዘጋጅልሻለሁ።»

አባባ ከዘራቸውን መሬት መታ መታ አደረጉና መረቋት። ዱባይ ላለችው ጓደኛዋ ረዘም ያለ መልእክት ጻፈች። ደረጃውን ወርደን፣ እግረኛው መብራት ላይ ከተሰበሰበው ሕዝብ ጋር ተሻገርን። ስታዲየም በኩል «መርካቶ ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» የሚል ረዳት አገኘንና ገባን።